ጢስ ጢስ የሚለውን የስኮትላንድ ውስኪ እንዴት ማጣጣም ይቻላል?

አጎቴ ከውጭ የመጣለትን ጠርሙስ ከፍቶ አንድ መለኪያ ቀዳና ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ወዲያው መለሰው። «ይኼ ለቁስል ነው ለመጠጥ?» አለ። በረዶ ሞላበት፣ ኮካ ጨመረበት፣ ጠጣውም ተማረረበትም። አልተሳሳተም፤ በእርግጥም አዮዲን አዮዲን ይላል። ስህተቱ መቸኮሉና በረዶው ነበር።

ሽታው ከየት እንደመጣ ማወቅ ግማሹን ሥራ ያቀልላል። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ባለችው አይላ ደሴት ዛፍ እምብዛም የለም፤ ረግረግ ግን ሞልቷል። በረግረጉ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመው በከፊል የበሰበሰ ዕፅዋት ፒት ይባላል። እንደ ጡብ ተቆርጦ ይደርቅና ይነዳል። ገብሱ ተነክሮ ከበቀለ በኋላ በዚህ ጢስ ላይ ይደርቃል። ብቅሉ እኛ የምናውቀው ብቅል ነው። በእኛ አገር የጠላው ጋን በግራዋ ታሽቶ በወይራ ይታጠናል፤ እዚያ የሚታጠነው እህሉ ነው። በታጠነ ጋን የተጠመቀ ጠላ ቀምሶ ያደገ ሰው ለዚህ ውስኪ እንግዳ አይደለም።

መምረጥ። ጠርሙሱ ላይ «ሲንግል ሞልት» የሚል ይፈልጉ፤ ከብቅል ገብስ ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ የተጠመቀ ማለት ነው። ስኮች ለመባል ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቆየት፣ አልኮሉም ከ40 በመቶ አለማነስ አለበት። ለጀማሪ የ12 ዓመቱን ቦሞር እመርጣለሁ፤ ጢሱ ለዘብ ያለ ነው። ቀጥሎ የ16 ዓመቱ ላጋቩሊን፣ ከዚያ የ10 ዓመቶቹ ላፍሮይግና አርድቤግ። የአይላ ሁሉ ጢሳም ነው ብለው ግን አይግዙ፤ የቡናሃቨን የተለመደው ውስኪ ጢስ የለበትም ማለት ይቻላል። ሻጮች የሚጠሩት የጢስ መጠን ቁጥርም (ለአርድቤግ 55 አካባቢ) የተለካው በብቅሉ ላይ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ እስኪገባ ብዙው ይቀንሳል።

መቅዳት። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ሽታውን ይሰበስባል። ብርሌ በቅርጹ ይቀርባል፣ አንገቱ ግን አፍንጫ አያስገባም፤ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። 25 ሚሊ ሊትር ያህል ይቅዱ። በረዶ አይጨምሩ፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ያፍነዋል።

ማሽተት። አብዛኛው ደስታ ያለው እዚህ ስለሆነ አይቸኩሉ። የተቀዳውን አምስት፣ አሥር ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ አፍዎን በትንሹ ከፍተው ብርጭቆውን ከአገጭ በታች ይያዙና ቀስ ብለው ወደ ላይ ያምጡት። አፍንጫን ዘው አድርጎ ማስገባት አልኮሉ እንዲያቃጥል ብቻ ነው የሚጠቅመው። መጀመሪያ የሚመጣው ጢስ ነው፦ ከሰል፣ ሬንጅ፣ የባሕር ዳር ሽታ፣ ያ የቁስል መድኃኒት። ብርጭቆውን ያርቁ፤ የራስዎን እጅጌ ያሽቱ፤ ይመለሱ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጊዜ አፍንጫ ጢሱን ይለምደዋል፤ ያኔ ከኋላው ተደብቀው የነበሩት ብቅ ይላሉ፤ ሎሚ፣ ቫኒላ፣ ማር፣ አንዳንዴም የበሰለ ፍራፍሬ። የባለሙያ ቃላት መዋስ አያስፈልግም፤ «የታጠነ የወተት ቅል» ካስታወሰዎት እሱን ይጻፉ።

መቅመስ። የመጀመሪያዋ ጉንጭ ምላስን ለማላመድ ናት፤ በእርሷ አይፍረዱ። ሁለተኛዋን በአፍዎ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ያንከባልሉ፣ ይዋጡ፣ አፍ ዘግተው በአፍንጫ ይተንፍሱ። ጣፋጩ ቀድሞ ይሄዳል፤ ጢሱ ተመልሶ ይመጣና ይቆያል። እስኪጠፋ ሳይጠብቁ ሌላ አይጎንጩ።

ውሃ። ጋዝ የሌለው፣ ያልቀዘቀዘ ውሃ በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ ያድርጉ። የአምቦ ውሃ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ጋዙም ማዕድኑም ጣዕሙን ያውካል። በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ባደረጉት ስሌት፣ ለጢስ ጣዕሙ ድርሻ ያለው ጓያኮል የተባለው ንጥረ ነገር ውስኪው በውሃ ሲቀጥን ወደ ላይኛው ገጽ እንደሚጠጋ አሳይተዋል፤ ወደ አፍንጫ ቀረበ ማለት ነው። ግማሽ ማንኪያ ጨምረው እንደገና ያሽቱ። ከበዛ ግን ውስኪው ይሞታል፤ መመለሻም የለውም።

ብርጭቆውን ያን ሌሊት አይጠቡት። ሲነጋ አልኮሉ ተኖ ሄዶ ከታች የሚቀረው ደረቅ ጢስ ብቻ ነው። አጎቴም የተሸነፈው በዚህ ነው፤ ጠዋት ከጠረጴዛው ላይ ባዶውን ብርጭቆ አንስቶ አሸተተ፣ ደገመው፣ ከዚያ «ይኼማ የእናቴ ጋን ነው» አለ።