«በካቻቢቴ ስሞክረው ይሰራል»፦ ብረት የማያይ ሴንሰር፣ ችግርና መፍትሄ

የማወራው ማሽን ላይ ተገጥሞ ብረት ሲቀርበው ሳይነካው ስለሚያውቀው ሴንሰር ነው። ቮልቱን ለክታችኋል፣ ገመዱንም አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

የሴንሰሩ መብራት ይበራል፣ ማሽኑ ግን አያውቅም። ሴንሰሩ ፒኤንፒ (ፕላስ የሚያወጣ) ነው፣ ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) የሚጠብቀው ኤንፒኤን (ማይነስ የሚያወጣ)፤ ወይም ተገላቢጦሹ። የሚስማማውን ግዙ።

ምንም ሳይቀርበው በርቶ ይቀራል። ጫፉ ላይ ፕላስቲኩ ወጣ ያለው ዓይነት ብረት ውስጥ ተቀብሯል። ዙሪያው ነጻ እስኪሆን አውጡት። ወይም የብረት ፍቅፋቂ ተለጥፎበታል፤ ጥረጉት።

ሴንሰሩ ደህና ነው፣ እቃውን ግን አያይም። እዚህ ጋ ቁጭ እንበል። ደብረ ብርሃን ብጠራም ሸዋ ሮቢት፣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀኝ ይሄው ነው።

ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ሄድኩ። ሶስት ሴንሰር ቀይረዋል። ሶስቱም «የተቃጠሉ» ተብለው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። «ጋሼ፣ በካቻቢቴ ስሞክረው ይሰራል፤ ማሽኑ ላይ ስገጥመው እምቢ ይላል» አለኝ ልጁ። ካቻቢቴው ብረት ነዋ! ሴንሰሩ ፊት የሚያልፈው ቁራጭ ግን አሉሚኒየም ነው። የድሮው ብረት ስለዛገ «የማይዝግ ይሁን» ብለው በአሉሚኒየም አሰርተውታል። ማንም ከሴንሰሩ ጋር አላያያዘውም።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ርቀት ለተራ ብረት ነው። ሴንሰሩ የሚያየው እቃው ውስጥ የሚባክነውን ኃይል ነው። አሉሚኒየምና መዳብ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያሳልፉ የሚያባክኑት ትንሽ ነው። ስለዚህ አሉሚኒየም ከተጻፈው ርቀት 40 በመቶ ገደማ ቢሰጣችሁ ነው። ናስም እዚያው አካባቢ ነው፤ መዳብ ከሁሉም ይብሳል። ስቴንለስ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፣ 70 በመቶ ገደማ ያዙለት።

እንግዲህ አስሉት። 18 ሚሊ ውፍረት ያለው፣ «8 ሚሊ ያያል» የተባለ ሴንሰር ለአሉሚኒየም 3.2 ሚሊ ነው የቀረው። ከዚያም ላይ 80 በመቶውን ብቻ ተጠቀሙ። ሁለት ሚሊ ተኩል! የነሱ 5 ሚሊ ላይ ነበር የተገጠመው።

መፍትሄው አስቂኝ ነው። 3 ሳንቲም በ3 ሳንቲም ላሜራ ቆርጬ አሉሚኒየሙ ላይ፣ በሴንሰሩ በኩል፣ በብሎን አሰርኩት። አለቀ። ጠረጴዛ ላይ የነበሩትን «የተቃጠሉ» ሴንሰሮች ሞከርኳቸው፤ ሶስቱም ጤነኞች ናቸው። አራተኛው ታዞ መንገድ ላይ ነበር።

ላሜራ ማሰር ካልተቻለ ወፈር ያለ፣ 30 ሚሊ ሴንሰር ውሰዱ። ብረቱንም አሉሚኒየሙንም እኩል የሚያይም አለ፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ርካሹ ላይ 8 ተጽፎ 5 ላይ የሚሞት ስንቱን አይቻለሁ! ሱቅ ስትሄዱ ካቻቢቴ ሳይሆን ራሱን እቃውን ይዛችሁ ሂዱ።

ይሄው ችግር ሌላም መልክ አለው። ጠዋት አያይም፣ ረፋድ ላይ ይነቃል። «የደብረ ብርሃን ውርጭ ገደለው» ይሉኛል። አብዛኞቹ ሴንሰሮች ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ድረስ ይችላሉ። ነገር ግን ሙቀት ሲለዋወጥ ርቀቱ እስከ 10 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል። መጨረሻው ዳር ላይ ከገጠማችሁት ያቺ 10 በመቶ ታሳውረዋለች። አስጠጉት። ግን እቃው እንዳይመታው! ዳዶውንም አታንቁት፤ በዳዶ የተሰነጠቀ ሴንሰር ዋስትና የለውም።

ጥቁሩን ገመድ (ምልክት የሚያወጣውን) ከቡናማው (ከፕላሱ) ወይም ከሰማያዊው (ከማይነሱ) ጋር በቀጥታ አገናኝታችሁ «ልሞክረው» አትበሉ። አጠገቡ ስትበይዱ ንቀሉት።

«ከ30 ሳንቲም ብረት የሚያይ ስጠኝ» ለሚሉኝ፦ ይሄ ዓይነት አይሆናችሁም። በብርሃን የሚሰራ ውሰዱ፤ እሱ ግን ብረቱንም ካርቶኑንም አንድ አድርጎ ያያል። መኪና እንዲያይ ከፈለጋችሁ መሬት ውስጥ የሚቀበር የሽቦ ጥቅል አለ።