ሥራ ሳያቋርጡ ለኢንሮልድ ኤጀንት ፈተና መዘጋጀት

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ቀን በታክሲ፣ በፓርኪንግ ወይም በሆቴል ሥራ ውለው፣ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ደግሞ ማታ ማታ የሰው ታክስ የሚሠሩ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ሥራቸው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ደንበኛቸው ከአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ከአይ አር ኤስ ደብዳቤ መጥቶለት ጉዳዩ ወደ ክርክር ወይም ወደ ይግባኝ ሲሄድ፣ በሙሉ ሥልጣን ስለ እርሱ ሊቀርቡ አይችሉም። ይህን መብት ከጠበቃና ከሲፒኤ (ፈቃድ ካለው የሒሳብ ባለሙያ) እኩል የሚሰጠው የኢንሮልድ ኤጀንት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ዲግሪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ባለ ሦስት ክፍሉን ፈተና ማለፍንና በራስ ግብር ጉዳይ ንጹሕ ሆኖ መገኘትን ነው።

ሙሉ ቀን ለሚሠራ ተፈታኝ ዋናው ችግር የሰዓት እጥረት ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ይበልጥ የሚጎዳው የፈተናውን ዓመት አለማወቅ ነው። በተለመደው አሠራር ፈተናው የሚሰጠው ከሜይ 1 እስከ ቀጣዩ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሲሆን፣ በማርችና በኤፕሪል ይዘቱ ስለሚታደስ ይዘጋል። ጥያቄዎቹ የሚመሠረቱት ባለፈው ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን በሥራ ላይ በነበረው ሕግ ላይ ነው። እንግዲህ ታክስ የሚሠራ ሰው እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ በደንበኞቹ ፋይል ላይ ሲጠቀምበት የከረመው ሕግና በሜይ የሚፈተንበት ሕግ አንድ ነው ማለት ነው። በመሆኑም የግለሰብ ግብርን የሚመለከተውን አንደኛውን ክፍል፣ ጭንቅላቱ ገና ሳይቀዘቅዝ፣ እስከ ጁን አጋማሽ ቢፈተን ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሁዳዴውም የታክሱም ጥድፊያ አብረው ያልፋሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለጥናት እጅግ የተመቹ ናቸው።

ይህ የሕግ ዓመት ጉዳይ ወጥመድም አለው። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ከ2025 ጀምሮ እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ የጉርሻ ገቢ ከሚታሰብ ገቢ ላይ እንዲቀነስ ፈቅዷል፤ ወሬውም በየሥራ ቦታው ሲነገር ከርሟል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የተፈተነ ሰው የሚጠየቀው በዲሴምበር 31 ቀን 2024 የነበረውን ሕግ ስለሆነ፣ ዜናውን ተከትሎ የመለሰ ይሳሳት ነበር። ከጓደኛ የተዋሱትን መጽሐፍ ከማንበብ በፊትም ለየትኛው የፈተና ዓመት እንደተዘጋጀ ማየት ያስፈልጋል።

ከባዱ ንግድን የሚመለከተው ሁለተኛው ክፍል ሲሆን፣ ከጁን እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ ቢሰጠው አይበዛበትም። ሾፌር የሆነ ተፈታኝ የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበትን ቅጽ ስኬጁል ሲን፣ የማይል ሒሳብንና የመኪናን የእርጅና ቅናሽ ከራሱ ሕይወት ያውቃቸዋል። ብዙውን ሰው የሚያደናግረው የሸሪኮችና የባለ አክሲዮኖች ቤዚስ ነው፤ ይኸውም ለግብር ሲታሰብ በድርጅቱ ውስጥ ያላቸው የድርሻ ዋጋ፣ ኪሳራ የሚቀንሱበትም ጣሪያ ማለት ነው። ይህን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ በወረቀት ላይ መሥራት ይሻላል። ሁለት ጓደኛሞች ምግብ ቤት ለመክፈት እያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር አዋጡ፣ ድርጅቱም ከባንክ 60,000 ዶላር ተበደረ እንበል። ድርጅቱ ዕዳውን እኩል የሚሸከሙበት ሽርክና ከሆነ፣ የእያንዳንዳቸው ቤዚስ የዕዳው ግማሽ ተጨምሮበት 50,000 ዶላር ይሆናል። ኤስ ኮርፖሬሽን (ትርፍና ኪሳራው በባለ አክሲዮኖቹ ግብር ላይ የሚታሰብ ኩባንያ) ከሆነ ግን ለብድሩ ዋስ ቢሆኑ እንኳ ቤዚሳቸው ከ20,000 ዶላር አያልፍም፤ ከፍ የሚለው ከገዛ ኪሳቸው ለድርጅቱ ሲያበድሩ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፎ፣ ከዚያ የ40,000 ዶላር ኪሳራ ለሁለት አካፍሎ፣ የማን ቤዚስ ስንት እንደቀረ ማስላት አሥር ገጽ ከማንበብ የበለጠ ያስተምራል።

የዕለቱ ጥናት ከሥራ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ አሥር ሰዓት ከፈጀ ፈረቃ በኋላ የተነበበ ነገር አይያዝም። አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው፣ ግማሹም ለጥያቄ መሥሪያ ይሁን። የተሳሳቱትን ጥያቄ ምክንያት በደብተር ላይ በአማርኛ መጻፍ ይጠቅማል፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ደንቡን በራስ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለ ሰው ገና አልገባውም። አየር ማረፊያ ወረፋ የሚጠብቅ ሾፌር በስልኩ አሥርም ሆነ ሃያ ጥያቄ ሊሠራ ይችላል፤ አዲስ ምዕራፍ ግን እዚያ አይጀመርም። ፈተናው ሲቃረብ በቅዳሜ ስልክ ዘግቶ 100 ጥያቄ በሦስት ሰዓት ተኩል መሥራት ግድ ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ልክ ይኸው ነውና፣ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከመቶው 15ቱ ለሙከራ የገቡና ነጥብ የማይያዝባቸው ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ስለማይታወቅ በአንድ እንግዳ ጥያቄ ላይ አሥር ደቂቃ ማቃጠል አይገባም። ባዶ የተተወ ጥያቄ እንደ ስሕተት ስለሚቆጠር ሁሉም ይመለስ።

የሙያ ሥነ ምግባርንና ውክልናን የያዘው ሦስተኛው ክፍል የሚጠናው ነገር አጠር ያለ ነው። በአይ አር ኤስ ፊት ሰው የሚወክሉ ባለሙያዎች የሚመሩበትን ደንብ ሰርኩላር 230ን፣ የውክልና ፎርም 2848ንና የጊዜ ገደቦችን በሚገባ ያጠና ሰው ከዲሴምበር በፊት ሊጨርሰው ይችላል። ወደ ጃንዋሪ ካሸጋገሩት የታክሱ ወቅት ይውጠዋል።

ለመመዝገብ በቅድሚያ ፒቲን (አይ አር ኤስ ለታክስ አዘጋጆች የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የእኛ ስም ጣጣ አለበት፤ በአንዱ ሰነድ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገኛል፣ የፊደል አጻጻፉም ይለያያል። በምዝገባው ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር ካልገጠመ ከፈተናው በር ሊመለሱ ስለሚችሉ ከወራት በፊት ማስተካከል ይገባል። አንድን ክፍል የወደቀ በዚያው የፈተና ዘመን እስከ አራት ጊዜ መቀመጥ ይችላል፤ የሚሰጠው ውጤትም የደከመበትን ርዕስ ስለሚያመለክት ድጋሚ ጥናቱ ከዚያ ይጀምር። ያለፉት ክፍል ለሦስት ዓመት ይያዛል።

ሦስቱም ሲያልቁ በአንድ ዓመት ውስጥ በፎርም 23 ማመልከቻ ይገባል፤ አይ አር ኤስም በዚህ ጊዜ የአመልካቹን የራሱን ግብር ይመረምራል። የሰው ታክስ ሲሠራ የራሱን እስከ ኦክቶበር የሚያስተላልፍ ሰው ስለማይጠፋ፣ ያልቀረበ ሪተርን (የዓመት የግብር ማስታወቂያ) ወይም ያልተከፈለ ዕዳ ካለ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል።