ምግብ ቤቱ ታደሰ፣ ምግቡስ?
የሰፈራችሁ የጣሊያን ምግብ ቤት ታድሶ ሲከፈት ወንበሩና መብራቱ ዓይን ይስባል። የወጥ ቤቱ ሙያ እንደ ድሮው መሆኑን ግን አይነግራችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀለል ያለውን እዘዙ፦ ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት። ክሬም የለው፣ ሥጋ የለው፣ ጥፋት የሚሸሸግበት ቦታ የለም። ፓስታው ሲነከስ መሃሉ ትንሽ ጠንከር ይበል። ነጭ ሽንኩርቱ ወርቃማ ይሁን፤ ከጠቆረ ይመርራል። ዋናው ግን ዘይቱ ነው። ከሳህኑ ሥር ተለይቶ ከተጠራቀመ፣ ፓስታው የተቀቀለበት ውሃ በደንብ አልተዋሃደበትም ማለት ነው። ዘይቱን ከፓስታው ጋር የሚያያይዘው በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው ስታርች፣ ማለትም ከፓስታው የሚወጣው አጣባቂ ነገር ነውና። እዚህ ላይ የሼፉ እጅ ወዲያው ይታወቃል።

በተከፈተ ሰሞን ግን አትፍረዱ፤ አዲስ ምድጃ እስኪለመድ ጊዜ ይፈልጋል።