ውድ ሄድፎንና አምፕሊፋየር ከመግዛታችሁ በፊት፦ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ጥሩ ሄድፎን እገዛለሁ ብሎ ስንት ወር ሲያጠራቅም የቆየ ሰው በመጨረሻ የማይሆነውን ዕቃ ይዞ ቤቱ ሲገባ ማየት ያንገበግበኛል። የሚያሳዝነው ደግሞ ስህተቶቹ ሁሌም ተመሳሳይ መሆናቸው ነው። አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት ከአምፑ፣ ማለትም ድምፁን አጎልብቶ ለሄድፎኑ ከሚሰጠው አምፕሊፋየር መጀመር ነው። ሰው አምፕ ይገዛና ከዚያ የሚስማማው ሄድፎን ፍለጋ ይገባል። መሆን ያለበት ግን በተቃራኒው ነው። የምትሰሙትን ድምፅ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ሄድፎኑ ነው። ሁለት ሄድፎኖች የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቁ ይችላሉ። በደንብ የተሠሩና በቂ ጉልበት ያላቸው ሁለት አምፖች ግን የድምፃቸው መጠን እኩል ተደርጎ ሲደመጡ መለየት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ስለዚህ የገንዘባችሁን አብዛኛውን ለሄድፎኑ አውሉት።

ሁለተኛው ስህተት ኦሙን፣ ማለትም ሄድፎኑ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚናገረውን ቁጥር ብቻ አይቶ መወሰን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነውና። «300 ኦም ከሆነ ትልቅ አምፕ ይፈልጋል፣ 50 ኦም ከሆነ በቀላሉ ይሠራል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ሁለት የታወቁ ሄድፎኖችን እንይ። ሰንሃይዘር ኤችዲ 600 ባለ 300 ኦም ነው፤ ሂፊማን ኤችኢ-6 ደግሞ ባለ 50 ኦም። ግን 1 ሚሊዋት ኃይል ስትሰጡት ሰንሃይዘሩ 97 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ገደማ ሲያወጣ፣ ሂፊማኑ የሚያወጣው 83.5 ብቻ ነው። ከበሮው ድንገት ሲመታ ድምፁ 110 ዴሲቤል እንዲደርስ ብትፈልጉ ሰንሃይዘሩ 20 ሚሊዋት ይበቃዋል፣ ሂፊማኑ ግን ወደ 450 ሚሊዋት ይጠይቃል። ከ20 እጥፍ በላይ ማለት ነው! ባለ 300 ኦሙ የሚፈልገው ቮልቴጅ ነው፣ ለዚያ ከበሮ ወደ 2.5 ቮልት፤ ብዙ ስልኮች ደግሞ ከ1 ቮልት ብዙም አያልፉም። ስለዚህ ኦሙንና ሴንሲቲቪቲውን (በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ የሚናገረውን ቁጥር) ሁሌም አብራችሁ አንብቡ።

ሴንሲቲቪቲውን ስታነቡ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። አንዱ አምራች ቁጥሩን በሚሊዋት (1 ሚሊዋት ሲሰጠው ብሎ) ይጽፋል፣ ሌላው በቮልት (1 ቮልት ሲሰጠው ብሎ)። በሚሊዋት 100 ዴሲቤል የሆነ ባለ 32 ኦም ሄድፎን በቮልት ሲጻፍ 115 ይሆናል። ዕቃው ያው ነው፣ የተቀየረው መለኪያው ብቻ። ሁለት ሄድፎን ስታወዳድሩ መጀመሪያ መለኪያቸው አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

ሌላው የሚረሳው ነገር አምፑ ራሱ በመውጫው በኩል ያለው ኢምፒዳንስ ነው፤ እሱም የሚለካው በኦም ነው። የሄድፎኑ ኦም ከዚህ ቁጥር ቢያንስ 8 እጥፍ ቢበልጥ ጥሩ ነው። ለምን መሰላችሁ? የብዙ ሄድፎኖች ኦም በሁሉም ድምፅ ላይ አንድ አይደለም፤ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) አካባቢ ከፍ ይላል። የአምፑ ኢምፒዳንስ ትልቅ ሲሆን እዚያ ቦታ ላይ ድምፁ ያብጥና ቤዙ ይድበሰበሳል። በመውጫቸው ትራንስፎርመር የሌላቸው የቫልቭ (በድሮው የመስታወት ቱቦ የሚሠሩ) አምፖች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ለባለ 300 ኦም ሄድፎን ግሩም ሆነው ለባለ 32 ኦሙ የማይሆኑት ለዚህ ነው።

«ጉልበት ሲበዛ ምን ይጎዳል» ብላችሁም አትግዙ። እኔ አንድ ጊዜ በጣም ጉልበተኛ አምፕ ገዝቼ በትንሽ ኃይል ከሚጮህ ሄድፎን ጋር አገናኘሁት። የድምፅ ማዞሪያውን ከዜሮ ፈቀቅ ሳደርገው ድምፁ የሚመጣው በግራ ጆሮዬ ብቻ ነው፤ ቀኙ ዝም። ትንሽ ጨመር ሳደርገው ሁለቱም ይሰማሉ፣ ግን ያኔ ድምፁ ማታ ልሰማው ከምፈልገው በላይ ሆኗል። ሙዚቃው ጸጥ በሚልበት ቦታ ደግሞ ከሥሩ ሽሽሽ የሚል አለ። የተበላሸ መስሎኝ ነበር፣ ግን አልተበላሸም። ብዙ ማዞሪያዎች ገና መነሻቸው ላይ ግራና ቀኙን እኩል አያወጡም፣ እኔ ደግሞ ከዚያች ጠባብ ቦታ መውጣት አልቻልኩም። አምፑ ጌይን (ድምፁን የሚያጎላበት መጠን) መቀነሻ ካለው ይህ ችግር በአብዛኛው ይቃለላል፤ ስትገዙ መኖሩን እዩ።

ባላንስድ መውጫም፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ጆሮ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት የተለየ መስመር ያለው፣ እንደ ተአምር ይወራለታል። ቮልቴጁን እጥፍ ስለሚያደርግ ጉልበቱ እስከ 4 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፣ እውነት ነው። ሄድፎናችሁ ጉልበት ካልጎደለው ግን ምንም አይጨምርላችሁም። ስለ ውድ ገመድ ብዙ አልልም፦ የሚመችና የማይበጠስ ይሁን፣ በቃ።

ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል ሳታደርጉ አትፍረዱ። 1 ዴሲቤል እንኳ ከፍ ያለው ለጆሮ የጠራ፣ የደመቀ ይመስላል። ጮክ ያለውን የተሻለ ነው ብሎ የገዛ ሰው ብዙ ነው።

ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ድምፁ ሰፊ ነው፤ እኔ ቤት ውስጥ የምመርጠው እሱን ነው። ግን አጠገባችሁ የተኛ ሰው ካለ ሙዚቃችሁን እሱም ይሰማዋል፤ ያኔ ዝጉን ውሰዱ።

ክብደቱንም አትናቁ። ኤችዲ 600 ያለ ገመዱ 260 ግራም ነው፤ አንዳንድ ፕላነሮች (በማግኔቶች መካከል በተዘረጋ ስስ ሽፋን የሚሠሩ ሄድፎኖች) ግን ከ500 ግራም ያልፋሉ። አምስት ደቂቃ ሞክሮ መግዛት አይበቃም። የሚቻል ከሆነ አንድ ሰዓት ያህል አድርጋችሁት ተቀመጡ፤ አንገታችሁንና አናታችሁን እዚያው ታዳምጣላችሁ።

የቆየ ሄድፎን ያላችሁ ደግሞ ድምፁ ተቀየረብኝ ብላችሁ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የጆሮ ትራሱን በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ እዩት። ስፖንጁ ጠፍጥፎ ካልተመለሰ ጆሮአችሁ ወደ ድምፅ ማውጫው ተጠግቷል፣ ድምፁም የተቀየረው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ትራሱን ቀይሩና እንደገና ስሙት።