ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲወጣ

እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ጓሮዬን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ የሚወርረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። የጎመናችሁ ቅጠል ከተጨማደደ ገልብጡት። አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ከታያችሁ እሱ ነው፤ ጭማቂውን እየመጠጠው ነው።

መጀመሪያ ውሃ። በጎማ፣ ከስር ወደ ላይ፣ ጠንከር አድርጋችሁ እጠቡት። የወደቀው አብዛኛው ተመልሶ አይወጣም። ክፉኛ የተወረረውን ቅጠል ቆርጣችሁ አርቁ።

ካልለቀቀ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ ቅጠል ያቃጥላል። አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ጀርባ እርጩ። ክሽክሹን በደንብ ካላረጠበው ዋጋ የለውም። ከ4 ወይም 5 ቀን በኋላ ድገሙት።

ቀይዋን ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ ግን እንዳትነኳት፤ ክሽክሽ በሊታ ናት። ጎረቤቴ ተባይ መስላቸው ሲለቅሟት ደርሼ አስጥያለሁ! ጉንዳን ከተመላለሰም መንገዱን ዝጉበት፤ ከክሽክሹ ለሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ሲል ክሽክሹን ይጠብቀዋል።