የተላጠ ግንድ ስትገዙ፦ ምን እንጨት እንደሆነ እንዴት ይለያል፣ እንዴትስ ይደርቃል?

ደሴ ውስጥ ቤት በሚሠራበት ሰፈር ሁሉ የተላጠ ባሕር ዛፍ አይጠፋም። ለአጣና ተልጦ የተረፈ አለ፣ ከመወጣጫ የተነቀለ አለ፣ ከአጥር የወጣ አለ። ጥሩ ማገዶ ይወጣዋል። ችግሩ ልጣጭ የሌለው እንጨት ያታልላል። ፀሐይ ላዩን በጥቂት ሳምንት ግራጫ ታደርገውና ዓመት የከረመ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው።

እኔን አታሎኛል። ለእህቴ ሰርግ እንጀራ መጋገሪያ ብዬ አንድ ጋሪ ሙሉ ግራጫ ግንድ ገዛሁ። አስፈልጠን ምጣዱን እንደጣድን የፍልጡ ጫፍ "ትስስ" እያለ ነጭ አረፋ መትፋት ጀመረ። ቤቱ በጭስ ታፈነ። አክስቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "ልጄ፣ ይኼ እኮ ውሃ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ እሱን ሲያተን ለምጣዱ የሚተርፈው ሙቀት ትንሽ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ላዩን ተዉትና ከጫፉ አንድ ስንዝር አስቆርጡ። መለየት የሚቻለው አዲስ በተቆረጠው ፊት ላይ ነው። ቀለሙን እዩ፣ አሽትቱት፣ በእጃችሁ መዝኑት።

ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ፣ ረጅም፣ ውስጡ ፈዛዛ ቡናማ ነው፤ ብዙ ጊዜ መስመሩ እንደ ገመድ ጠመዝመዝ ይላል። የሐበሻ ጥድ ውስጡ ቀላ ያለ ነው፣ ሲቆረጥ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ግን ፍንጣሪ ስለሚወረውር ልጆች ካሉበት ምድጃ አርቁት። የፈረንጅ ጥድ ነጣ ያለና ቀላል ነው። ወይራ በጣም ከባድ ነው፣ ውስጡ ጠቆር ባለ ቡናማ ላይ የተወዛወዘ ጥቁር መስመር አለው፤ ጋን ያጠነ ሰው ሽታውን አይስተውም። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሲወረድ ደግሞ ግራር ይበዛል። መሃሉ ጠቆር ያለና ከባድ፣ ዳሩ ነጣ ያለ ነው፤ ነቀዝ መጀመሪያ የሚገባው በዚያ ነጭ ዳር ነው። ፍሙ ግን ለቡና የሚገርም ነው። በነገራችን ላይ ጥድና ወይራን ከፈረሰ ቤት ከወጣ ወይም ከወደቀ ዛፍ ውሰዱ እንጂ የቆመ አታስቆርጡ። ለማደግ ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል መሰላችሁ!

አንድ ነገር አደራ። ጥቁር ሆኖ ሬንጅ ሬንጅ የሚሸት፣ አረንጓዴ ቀለም የነካው ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት አትግዙ። የመብራት ምሰሶ ስብርባሪ እንዳይበሰብስ በኬሚካል የተነከረ ነው። ጭሱም አመዱም መርዝ ነው፤ ምግብ ሊበስልበት ቀርቶ ግቢ ውስጥም አይቃጠልም።

ከለያችሁ በኋላ ቶሎ ቁረጡ፣ ቶሎ ፍለጡ። ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ መጥረቢያ ይቀበላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ሽብልቅም ያስቸግራል። እንጨት ውሃውን በብዛት የሚያወጣው በተቆረጠው ጫፍ በኩል ስለሆነ አጠር ማለቱ ይጠቅማል። እኔ ሁለት ስንዝር ርዝመት፣ የእጅ አንጓ የሚያክል ውፍረት አደርገዋለሁ። ድቡልቡሉን ሳትፈልጡ ብትተዉት፣ ልጣጭ ባይኖረውም፣ መሃሉ ለወራት ሳይደርቅ ይቆያል።

አደራደሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መሬት ላይ አትከምሩ። ድንጋይ ደርድሩ፣ በላዩ ሁለት አጣና አጋድሙ፣ ፍልጡን በዚያ ላይ ነፋስ በሚያልፍበት ሁኔታ ሳሳ አድርጋችሁ ደርድሩ። ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቁት። ከላይ ብቻ ቆርቆሮ አልብሱት፣ ድንጋይ ጫኑበት፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። በሸራ ወይም በላስቲክ የጠቀለሉት እንጨት ውስጥ ውስጡን ያልበዋል፣ ከዚያ ይሻግታል።

ጊዜው ወሳኝ ነው። መስቀል እንዳለፈ ከፈለጣችሁ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ነፋስ ያግዛችኋል፤ ቀጭን የባሕር ዛፍ ፍልጥ በልግ ሳይመጣ ሊደርስ ይችላል። ወይራና ግራር ግን ዓመትም ሊጠይቁ ይችላሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጉሙም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቁልሉን ያረጥበዋል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,850 ሜትር ይቀንሳል፣ ስለሚሞቅም ያው እንጨት ቶሎ ይደርቃል። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው እዚያው አድርቆ ቢያስመጣ አይከፋም።

መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? ሁለት ፍልጥ አጋጩ። እርጥቡ ድፍን ድምፅ ያሰማል፣ ደረቁ "ቋ" ይላል። ጫፉ ላይ ያለው ስንጥቅ ብቻውን አያሳምናችሁ፤ ከላይ ተሰንጥቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ሞልቷል። እኔ የማምነው ሚዛን ነው። ከመሃል ካሉት ፍልጦች በአንዱ ላይ በከሰል ምልክት አድርጉና መዝናችሁ ጻፉት። በየሁለት ሳምንቱ መልሳችሁ መዝኑ። 1 ኪሎ የነበረው 700 ግራም አካባቢ ወርዶ ክብደቱ መቀነሱን ካቆመ በኋላ፣ አንዱን ፈልጣችሁ አዲሱን ፊት ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት። ከቀዘቀዛችሁ ገና ነው፣ መልሱት። ካልቀዘቀዛችሁ ለሳምንት የሚበቃችሁን ማድ ቤት አስገቡ፣ ሌላው ቆርቆሮው ሥር ይቆይ።