በሩ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ፦ በየክረምቱ የማያቸው ስህተቶች

ሐምሌ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «ፍሬን ስይዝ በሩ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል።» «መኪናዋ ሻጋታ ሻጋታ መሽተት ጀምራለች።» «መስታወቱ ወርዶ ቀረ፣ አልወጣ አለ።» ብዙውን ጊዜ ሦስቱም አንድ በሽታ ነው። በሩ ውሃ ቋጥሯል።

አዲስ አበባ የዓመቱን ዝናብ አብዛኛውን የምታወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ስለዚህ ጥፋቱ ጥቅምት ላይ ይሠራል፣ ጉዱ ሐምሌ ላይ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ በሩን ማን እንደነካው ሰው ይረሳዋል። ስፒከር ያስገባው ልጅ፣ ቀለም የቀባው ባለሙያ፣ ስፖኪዮ የቀየረው ሰው፣ ሁሉም ከደሙ ንጹህ ነው።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለችውን ቪትዝና ኮሮላ ይዘን ነው የምንቆየው። በሩ ዝጎ ሲበሳ «ሌላ እገዛለሁ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም እንዳትስቁ። ሞተሩ ይለያል እንጂ በሩ ያው በር ነው።

ውሃ በር ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም ብሎ ማሰብ

ሌላው ስህተት ሁሉ የሚወለደው ከዚህ ነው። መስታወቱ ወደ በሩ የሚገባበትን ስንጥቅ እዩት። በውጭ በኩል መስታወቱን የሚነካ ስስ ጎማ አለ። ያ ጎማ መስታወቱን ይጠርጋል እንጂ አያሽግም። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ሲወርድ የተወሰነው ወደ በሩ ሆድ ይገባል። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ መኪናም እንደዚያው ነው። መሐንዲሶቹ ይህንን ስለሚያውቁ በሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ቀዳዳ አበጅተዋል። ውሃው ከላይ ይገባል፣ በላሜራው ውስጠኛ ገጽ ይወርዳል፣ ከታች ይወጣል። በሩን እንደ ጣራ አሸንዳ አስቡት። አሸንዳ ውሃ ገባበት ተብሎ አይታሸግም።

ጎማው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ግን ይቀየር። የሚገባው ውሃ ይበዛል፣ አቧራውም አብሮ ይገባል። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል አስረድታችሁ የገዛችሁት ጎማ ልክ አይመጣም።

የታችኛውን ቀዳዳ መድፈን

ይህንን ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ ሰው ኮሮላ ይዘው መጡ። አራቱም በሮች ከታች በኩል በነጭ ሲሊኮን ተለስነዋል። ሥራው ንጹህ ነው፣ የኬክ ክሬም ይመስላል። «ውሃ እየገባ አስቸገረኝ፣ አሳሸግኩት፤ አሁን ጭራሽ ባሰበት» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ የኋላውን በር ሲሊኮን በጥፍሬ ላጥ አደረግኩት። የሻይ ቀለም ያለው ውሃ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። የጋራዡ ልጅ ሮጦ የሃይላንድ ጠርሙስ አመጣ። ጠርሙሱ ሞላ፣ ውሃው አላለቀም። ሰውየው ዝም ብለው አዩት። «ጋሼ፣ ውሃው የሚገባው ከላይ ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ያዘጉት መውጫውን ነው።»

ያ የሻይ ቀለም ዝገት ነው። የበሩ ታችኛ ጠርዝ የውጪውና የውስጡ ላሜራ ተጣጥፈው የሚገናኙበት ቦታ ነው። ውሃ እዚያ ከተኛ እጥፋቱ ውስጥ ይሰርጋል። ከውጭ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ይበላዋል። ቀለሙ ላይ እንደ ብጉር ያለ ነገር ብቅ ሲል ላሜራው ከውስጥ አልቋል ማለት ነው።

ሲሊኮን የሚያስደፍነው ሰው ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። መኪናውን ከሥር ሬንጅ የሚያስረጩም አሉ። የሚረጨው ሰው በጥድፊያ የበሩን ጠርዝ አብሮ ይቀባዋል፣ ቀዳዳው ይጠፋል። ቀለም ቤትም ስቱኮው ይደፍነዋል። ቀለም ከተቀባ መኪና ስትረከቡ የሁሉም ሰው ዓይን የሚሄደው ወደሚያብለጨልጨው ኮፈን ነው። እናንተ መጀመሪያ ጎንበስ በሉና የበሮቹን ሥር እዩ።

ማንም ሳይነካውም ይዘጋል። በጋውን ሙሉ አቧራ ይገባል፣ ከዛፍ ሥር የምታቆሙ ከሆነ ቅጠልና አበባ ይጨመርበታል። የመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ያደርገዋል፣ ይደርቃል፣ ቡሽ ይሆናል። ስለዚህ ግንቦት ላይ አምስት ደቂቃ ስጡት። በሩን ክፈቱ፣ ከታች በጣታችሁ ዳብሱ። በየበሩ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀዳዳ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ላይ ትንሽ የጎማ ክዳን አለች፤ አቧራ እንዳይገባ ናት፣ አትቁረጧት። በስቴኪኒ ወይም በፕላስቲክ ፋሼታ ጫፍ ጠርጉት። ምስማርና ካቻቢቴ አይሆንም። ቀለሙን ትፍቁታላችሁ፣ ዝገቱም ከፋቃችሁበት ይጀምራል። ከዚያ መስታወቱን ዘግታችሁ ግማሽ ጆግ ውሃ በመስታወቱ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ወዲያው ከታች መንጠባጠብ አለበት። ካልወረደ ቀዳዳው ገና አልተከፈተም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሰፈራችሁ ቁልቁለት ሆኖ ሁልጊዜ አፍንጫዋን ወደታች አድርጋችሁ የምታቆሙ ከሆነ ውሃው የሚጠራቀመው በበሩ የፊት ጥግ ነው። የኋላው ቀዳዳ ክፍት ስለሆነ ብቻ ደህና ነኝ አትበሉ።

ላስቲኩን ቀዶ መጣል

የበሩን የውስጥ ሽፋን ስትነቅሉ ከሥሩ አንድ ላስቲክ ተለጥፎ ታያላችሁ። ጀማሪ ልጆች ይህንን ላስቲክ የዕቃ መጠቅለያ ይመስላቸዋል። አልፈርድባቸውም። እኔም ተለማማጅ ሆኜ የአንዲት ዲኤክስ መኪና ላስቲክ ቆሽሿል ብዬ ቀዳድጄ ጣልኩት። ጌታዬ ሲመለስ «ላስቲኩስ?» አለኝ። «ቆሻሻ ነበር» አልኩት። የመታኝ ኩርኩም እስካሁን ይታወሰኛል። መኪናዋ በሳምንቱ ተመለሰች፣ ሞኬቱ ውሃ ጠጥቶ፣ የበሩ ካርቶን እንደ ረጠበ እንጀራ ተልፈስፍሶ።

የላስቲኩ ሥራ ምንድን ነው? በሩ ሆድ ውስጥ የሚወርደው ውሃ በሽቦው፣ በመስታወት ማንሻው፣ በስፒከሩ ላይ እየተረጨ ወደ ውስጥ ይመጣል። ላስቲኩ ያግተዋል፣ መልሶ ወደ በሩ ይልከዋል። ለዚህ ነው የታችኛው ጫፉ ወደ በሩ ሆድ ተሸጉጦ የሚገባው። ቆርቆሮ ሲመታ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል አይደል? ተገላቢጦሽ ከሆነ ጣራው ያፈሳል። ላስቲኩም እንደዚያ ነው። ጫፉን ከውጭ ትታችሁ ሽፋኑን ከገጠማችሁ ውሃውን በቀጥታ ወደ እግራችሁ መራችሁት።

የሚያጣብቀው እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጥቁር ነገር ነው። ጠዋት በብርድ ከጎተታችሁት ላስቲኩ ይቀደዳል። በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቁትና በቀስታ ላጡት። የማጣበቂያውን ፊት በጣታችሁ አትንኩት፣ አቧራ ላይም አታስቀምጡት፤ ካልቆሸሸ ራሱ መልሶ ይይዛል። ከተቀደደ ደግሞ ከግንባታ ዕቃ ሱቅ ወፍራም ላስቲክ ገዝታችሁ በአሮጌው ልክ ቁረጡ። አሮጌውን ሳትጥሉ! ልክ የሚወሰደው ከእሱ ነው። ፌስታል አይሆንም። በፌስታልና በስኮች የተጠገነ በር ስንት ጊዜ ከፍቻለሁ።

ስፒከር የምታስገቡ ልጆች፣ እባካችሁ። ለስፒከሩ ላስቲኩን በመስቀለኛ ቀዳችሁ ስትሄዱ ከሁሉ በፊት የሚረጥበው የራሳችሁ ስፒከር ነው።

ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን

ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውና ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ሲሊኮን አሲድ ይለቃል። ላሜራ ያዝገዋል። ቀለምም በኋላ እላዩ ላይ አይዝም።

ስፖኪዮ ሲቀየር ጎማውን መርሳት

ስፖኪዮ በዚህ ከተማ ስንቴ እንደሚሰረቅ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሌባው ገንጥሎ ነው የሚወስደው፣ የሥሩ ጎማም አብሮ ይሄዳል ወይም ይቀደዳል። አዲሱ ሲገጠም መስታወቱ ያሳያል፣ ብሎኑ ጠብቋል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ጎማው ግን የለም። በዚያች ሦስት ማዕዘን ጥግ የሚገባው ውሃ ላስቲኩን ሳያገኝ በሽፋኑ ጀርባ ይወርዳል። የፊት በር የውስጥ እጀታችሁ አካባቢ ከረጠበና ስፖኪዮ ቀይራችሁ ከነበረ፣ ሌላ ነገር ሳትፈቱ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ።

ሳይፈትሹ በሩን መወንጀል

ሞኬት ረጠበ ማለት በር አፈሰሰ ማለት አይደለም። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ መጥረጊያዎቹ ያሉበት ቦታ ቅጠል ከሞላ ውሃው ወደ እግር ሥር ይገባል። የኤሲው ቱቦ ከተደፈነ ጠል ውሃው ወደ ውስጥ ይፈሳል። እርጥበቱ የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ደግሞ ዝናብም አይደለም፤ የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ነው።

አፈታተሹ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። ውስጡን አድርቁ። ከሽፋኑ ታችኛ ጠርዝ ጋር ሶፍት ዘርጉ። አንድ ሰው የስልክ መብራት ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው በጆግ ያፍስስ። ከታች ጀምሩ፣ ወደ ላይ ውጡ፦ መጀመሪያ ከመስታወቱ በታች፣ ከዚያ ስፖኪዮው ጋ፣ ከዚያ መስታወቱ ላይ፣ በመጨረሻ ጣራው ጠርዝ ላይ። በየቦታው ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ሁሉም ይረጥባል፣ ምንም አታውቁም። ላቫጆ ወስዶ በከፍተኛ ግፊት ማስመታትም ፍተሻ አይደለም። ያ ግፊት ጤነኛ ጎማም ያልፋል።

የበሩን ዙሪያ ጎማ ለመፈተሽ እኔ የምጠቀመው የ10 ብር ኖት ነው። ኖቱን ጎማው ላይ አድርጌ በሩን እዘጋለሁ፣ ከዚያ እስባለሁ። ያዝ ካደረገው ጎማው ይነካል። ሳይታወቀኝ ሹልክ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው ሞቷል፣ ወይም በሩ ወርዷል። ዙሪያውን በስምንት ቦታ ይሞከር። አንድ ደንበኛዬ «በ200 ብር ኖት ብትሞክረው ይሻል ነበር» ብሎ ቀልዶብኛል፣ ኖቱን ግን አላመጣም።

በመኪናዋ አካልና በበሩ መካከል ያለውን የሽቦ ቱቦም አትርሱ። አላርም ያስገባ ሰው ሽቦ ለማሳለፍ ይነቅለውና በትክክል ሳይመልሰው ይሄዳል።

ዝገት ላይ ስቱኮ

ከውስጥ የበሰበሰን በር ከውጭ ስቱኮ ቀብቶ መቀባት ለአንድ ክረምት መከራየት ነው። ስቱኮ ራሱ እርጥበት ይጠጣል። የተበላው ላሜራ ይቆረጥ፣ አዲስ ይበየድ።

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ተለቅ ያለ መክተት

የመስታወቱ ፊውዝ በዝናብ ወቅት ደጋግሞ ከተቃጠለ በሩ ውስጥ ሽቦ ረጥቧል ማለት ነው። 20 አምፔር የነበረውን በ30 መተካት፣ ይባስ ብሎ ሽቦ ጠቅልሎ መሰካት፣ ሽቦው እንዲቃጠል መፍቀድ ነው። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ሽታውን በሽቶ መሸፈን

ሞኬቱ ላዩ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ሰው ይታለላል። ውሃው ያለው ከሥሩ ባለው ወፍራም ስፖንጅ ውስጥ ነው፤ ሳምንትም ይቀመጣል። መስታወቱ ጠዋት ጠዋት ከውስጥ በጉም የሚሸፈነውም ከዚህ ነው። ሽቶ ብታንጠለጥሉበት የሻጋታና የሎሚ ቅልቅል ነው የምታገኙት።

ወንበሩ ይፈታ፣ ሞኬቱ ይነሳ፣ በደረቅ ጨርቅ ውሃው ይመጠጥ። ነሐሴ ላይ ፀሐይ ከየት ይመጣል ካላችሁኝ፣ እኔ ቤት ውስጥ ከሥሩ እንጨት ደግፌ በቬንቲሌተር ነው የማደርቀው፣ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። አንዱ ልጃችን ለማፍጠን ከሰል አጠገብ አድርጎት ስፖንጁ እንደ አይብ ቀለጠ። ሞኬቱን ከመመለሳችሁ በፊት ስፖንጁ ላይ ተንበርከኩና በሙሉ ክብደታችሁ ተጫኑት። ጉልበታችሁ ከረጠበ ገና ነው።